ሚጡን በሁዳዴ እንቁላል የማበላት ለምን እንደሆነ

እማዬ፣

እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እሑድ ስልኩን ከዘጋሽብኝ በኋላ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሳሽም። «በሁዳዴ እንቁላል ትጠብሺላታለሽ? እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ?» ያልሽው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በስልክ ላስረዳሽ ስሞክር እኔም አለቅሳለሁ፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። ሚጡ የካቲት ላይ ሆስፒታል የገባችው በጨጓራ አይደለም። ዋሽቼሽ ነው። በሽታዋ አኖሬክሲያ ይባላል፤ ምግብ እያለ ሰው ራሱን እንዲያስርብ የሚያደርግ የአእምሮ ሕመም ነው። ልጄ ፍሪጁ ሞልቶ ሳለ በረሃብ ሆስፒታል ገባች ብዬ፣ በ77 ኮረም መጠለያ ውስጥ የሠራሽውን አንቺን እንዴት ልንገርሽ? አፍሬ ነው።

የጀመረው በነቢያት ጾም ነው። ልጹም አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ አንቺም በስልክ እልል አልሽ። ከዚያ ገና መጣ፣ ዶሮው ተሠራ። እሷ ግን ጾሙን አልፈታችም። መጀመሪያ ሥጋ አስጠላኝ አለች። ቀጥሎ ዘይት። ቀጥሎ እንጀራ። ለካስ በሽታው ከጾሙ ጀርባ ተደብቆ ኖሯል፤ ጿሚን ማን ለምን አልበላህም ይለዋል?

እኔን የሸወደኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለወንድሟ ኬክ ትጋግራለች። በልቶ እስኪጨርስ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታየዋለች። እሷ ጣቷን እንኳ አትልስም። ሌሊት ሙሉ የምግብ አሠራር ቪዲዮ ታያለች። «ምግብ የጠላ ሰው እንዲህ ያደርጋል?» ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኋት። ምግብ አልጠላችም አለችኝ፤ ተርባለች። ከዚያ አንድ ታሪክ ነገረችኝ። በፈረንጆቹ 1944 እና 1945፣ ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው ለ6 ወር ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰባቸው። ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ። ሰዎቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ማንበብ ጀመሩ፣ በህልማቸው ምግብ አዩ፣ በትንሽ ትልቁ ተቆጡ፣ ከሰው ሸሹ፣ አዘኑ፣ በረዳቸው። የእኔ ሚጡ ማለት ናት! ረሃቡ ራሱ አእምሮን ያሳምማል፤ የታመመው አእምሮ ደግሞ መልሶ አትብይ ይላታል። አዙሪት ነው።

ሆስፒታል ስትገባ የልብ ምቷ በደቂቃ 41 ነበር። ሰውነት ምግብ ሲያጣ የልብን ጡንቻ ሳይቀር ይበላል፤ ልብም ኃይሏን ለመቆጠብ ቀስ ትላለች። ከአልጋ ስትነሳ ያዞራታል። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ጀርባዋ ላይ ደግሞ እንደ አራስ ልጅ ለስላሳ ፀጉር አብቅላለች፤ ሰውነቷ ራሱን ሊያሞቅ ሞክሮ ነው ይላሉ። የወር አበባዋ ከኅዳር ጀምሮ ቀርቷል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ የአጥንቷ ነገር ነው። አጥንት የሚጠነክረው በዚህ ዕድሜ ነው፤ አሁን የጎደለው በኋላ ሙሉ በሙሉ ላይተካ ይችላል። ገና 16 ዓመቷ ነው፣ እማዬ።

አንቺ በ77 ስላየሽው ስታወሪን «ለተራበ ሰው በአንዴ እንጀራ አይሰጥም፣ ወተቱም በትንሽ በትንሹ ነው» ትይን ነበር። እዚህም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጥቂት ጥቂት እያበሉ በየቀኑ ደሟን ይመረምራሉ። የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ ደም ውስጥ ያለው ፎስፌት የሚባል ማዕድን ይወርዳል፤ ያ ልብን ሊያቆም ይችላል። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ።

«የቲክቶክ ጣጣ ነው» ብለሻል። ቲክቶክ አልጠቀማትም፣ እውነት ነው። ግን ዊልያም ገል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ለዚህ በሽታ ስም ያወጣለት በፈረንጆቹ 1873 ነው፤ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ማለት ነው። ቅምጥልነትም አይደለም። በዘር የሚወረስ ነገር አለበት፣ ጭንቀት አለበት፣ ሁሉን ፍጹም ላድርግ የሚል ጠባይ አለበት። እንዲያውም ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው። አንዳንዱን በልብ ይወስደዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ራሱን ያጠፋል። ለዚህ ነው ሌሊት ተነስቼ በሯን የምከፍተው።

አሁን ሕክምናው ቤት ውስጥ ነው። ለንደን ካለው ከሞድስሊ ሆስፒታል የመጣ ዘዴ ነው አሉን። ምን ያህል እንደምትበላ የምንወስነው እኔና አባቷ ነን። በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ፣ መሃል መሃሉ ላይ መክሰስ። አጠገቧ እንቀመጣለን። አንዳንድ ቀን አንድ እንቁላል አንድ ሰዓት ይፈጃል። ትጮኻለች፣ ትሰድበኛለች፣ ኪሷ ውስጥ ዳቦ ትደብቃለች። «ስበላ ወንጀል የሠራሁ ይመስለኛል» አለችኝ አንድ ቀን። የምትሳደበው እሷ ሳትሆን በሽታው ነው እያልኩ እውጣለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም፤ ባለፈው ሳምንት ሳህን ሰብሬያለሁ።

ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባታችንን አማክሬያለሁ። «የታመመ አይጾምም፤ መድኃኒቷ ምግብ ነው» አሉኝ። ሚጡንም ራሳቸው ነገሯት። ጸበሉን ላኪው፣ ደስ ይለኛል። ብቻ በባዶ ሆድ ጠጪ እንዳትያት።

ሌላም አለ። አምና ሐምሌ ቦሌ ስትቀበያት «ውይ፣ ወፈር ብለሽ! አምሮብሻል!» አልሻት። ሙገሳ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። እሷ ግን እዚህ ነው ያደገችው፤ እስካሁን አልረሳችውም። ያሳመምሻት አንቺ አይደለሽም፤ አንድ ቃል ይህን አያመጣም። ግን ስትመጪ ከሳሽ፣ ወፈርሽ፣ ፊትሽ መለሰ አትበያት። መለሰ የሚለው ጥሩ ቃል በእሷ ጆሮ ወፈርሽ ነው። ምን በላሽም አትበያት። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ዶሮዎችሽ፣ ስለ እኔ ልጅነት አውሪያት። ማብላቱን ለእኔ ተይልኝ።

ትናንት ማታ «እማማ ስትመጣ እኔ ክፍል ነው የምትተኛው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ብያታለሁ። ሌሊት እግሯ ይቀዘቅዛል። ያቺን ወፍራሟን ጋቢ ይዘሽ ነይ።

ልጅሽ