ያገለገለ ኮንቴነር ልትገዢ ላሰብሽው ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽና ልጆቹስ እንደምን ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ብርዱ ካለፈ ወዲህ ተሽሏታል።

ስለ ኮንቴነሩ የጻፍሽልኝንና ደላላው የላከልሽን ፎቶግራፎች ተመለከትሁ። ለድግስና ለለቅሶ የምታከራዪው ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት በረንዳ ላይ ተቆልሎ ከሚከርም ያገለገለ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ገዝተሽ ቢሾፍቱ ግቢሽ ውስጥ ማስቀመጥሽ ተገቢ ሐሳብ ነው፤ በብሎኬት መጋዘን ከመሥራት ይፈጥናል፣ ነገ ቤት ብትቀይሪም አብሮሽ ይሄዳል። ነገር ግን ፎቶግራፍ የሚያሳየው ቀለሙን ብቻ ነው። እኔ በትራንዚተርነት፣ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ሳስለቅቅ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ስመላለስ በኖርሁበት ዘመን ያየሁት፣ ኮንቴነር የሚገዛው ወረቀቱ፣ ጣሪያውና ወለሉ በገዛ ዓይን ታይቶ መሆኑን ነውና ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ይህን ደብዳቤ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ከወረቀቱ እጀምራለሁ፤ ገዢ ሁሉ ለመጨረሻ የሚያቆየው እሱን ነውና። ዕቃ ጭኖ ወደ አገራችን የሚገባ ኮንቴነር ብዙውን ጊዜ ንብረትነቱ የመርከብ ድርጅት ወይም የኮንቴነር አከራይ ነው፤ የሚገባውም ዕቃው ከተራገፈ በኋላ ባዶው ወደ ጅቡቲ ይመለሳል ተብሎ በጊዜያዊነት እንጂ እንደ ሸቀጥ ቀረጥ ተከፍሎበት አይደለም። ስለዚህ እዚህ ቀርቶ የሚሸጥ ኮንቴነር ከባለቤቱ ወደ ሻጩ መተላለፉን የሚያሳይ ሰነድና ቀረጥና ታክሱ መከፈሉን የሚያረጋግጥ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሊኖረው ይገባል። በሁለቱም ላይ የተጻፈውን ቁጥር በሩ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሪ። ቁጥሩ አራት የላቲን ፊደላትና ሰባት አኃዞች አሉት፤ በሳጥን ውስጥ ለብቻዋ የምትቀመጠው የመጨረሻዋ አኃዝ ከሌሎቹ በስሌት የምትገኝ ማረጋገጫ ናት። ቁጥሩ በጎኖቹና በጣሪያው ላይም ስለሚደገም፣ የበሩ በአዲስ ቀለም ተሸፍኖ ካገኘሽው ጣሪያው ላይ ሰው አውጥተሽ አስነብቢ። ‹ወረቀቱ በኋላ ይመጣል› የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ ገንዘቡም በኋላ እንደሚመጣ በትሕትና ንገሪው።

በሩ ላይ የተመታች አነስተኛ የብረት ሰሌዳም አለች። የተሠራበት ወርና ዓመት፣ መሸከም የሚችለው ክብደትና ብዙ ጊዜም የወለሉ እንጨት የታከመበት የፀረ ተባይ መድኃኒት ስም የሚጻፈው በእርሷ ላይ ነው። ኮንቴነር ከ10 እስከ 15 ዓመት ባሕር ላይ ከሠራ በኋላ በአብዛኛው ለሽያጭ ይወጣል፤ ስለዚህ ዕድሜው ብቻውን አያስፈራሽ። ሰሌዳዋ ተነቅላ ከሆነ ግን ለምን እንደተነቀለች ጠይቂ።

ወደ ዕይታው ስትሄጂ መሰላል፣ መዶሻና ጠንካራ ጫፍ ያለው ቢላዋ ያዢ፤ የምትሄጂውም ፀሐይ ባለበት ሰዓት ይሁን። መጀመሪያ ጣሪያው ይታይ። ግድግዳውና ጣሪያው ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ዝገትን የሚቋቋም ብረት ቢሆንም፣ ክሬን ሲያነሳና ሲጥል የጎደጎደ ቦታ ላይ ውኃ ይተኛል፤ ብረቱም የሚበላው እዚያ ነው። ቀጥሎ ከሥር ያሉትን አግዳሚ ብረቶችና የታችኛውን የጎን ጠርዝ በመዶሻ እያንኳኳሽ ስሚ፤ ጤነኛው ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተበላው ይታፈናል፤ ቢላዋው ቅርፊት እያነሣ ወደ ውስጥ ከገባ ከቀለሙ ሥር የቀረ ብረት የለም ማለት ነው። የውጭ ዝገት ሁሉ ነውር አይደለም፤ ላዩን የለበሰው ቡኒ ዝገት ተፍቆ አንቲረስት ከተቀባ ብዙ ዓመት ይቆያል። እንዲያውም እኔ አዲስ ቀለም ከተቀባው ይልቅ ዝገቱ በግልጽ የሚታየውን እመርጣለሁ።

ከዚያ ባለቤትሽን ውጭ አቁመሽ ውስጥ ግቢና በሩን ይዝጋልሽ። ጨለማው ውስጥ ዓይንሽ እስኪለምድ ጠብቂና ጣሪያውንና ማዕዘኖቹን ቃኚ፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብትሆን እንኳ ብርሃኗ ትታይሻለች፤ ብርሃን ያለፈበት ዝናብም ያልፋል። በሩ ዙሪያ ብርሃን ከታየ ጎሚኒው ደርቋል ወይም ተቀዷል። በሩ ተዘግቶ ሳለ ሽታውንም ልብ በይ፤ ኬሚካል ወይም የተበላሸ ነገር የሸተተ ወለል ታጥቦ አይለቅምና እንዲህ ያለውን በርካሽም ቢሰጡሽ ተይው። የወለሉ ፕላይውድ ውፍረቱ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በእግርሽ እየረገጥሽ ሂጂበት፣ የሚረግብ ቦታ ካለ በስብሷል።

ደላላው ‹ትንሽ ጨምረሽ ባለ 40 ውሰጂ› ማለቱን አልወደድሁትም። ባለ 40ው 12.19 ሜትር ነው፤ እንኳን ግቢሽ መንገድሽም አያዞረውም። ባለ 20ው ውስጡ 5.9 ሜትር ርዝመት፣ 2.35 ሜትር ወርድና 2.39 ሜትር ከፍታ አለው፤ ወንበሮቹ ተደራርበው፣ የድንኳን ብረቱ በጎን ተጋድሞ፣ መሐሉም መተላለፊያ ተትቶለት ይበቃሻል። ባዶው 2,300 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ክሬን ያለው መኪና ያስፈልገዋል፤ በጠባቡ መንገድ ላይ ዝቅ ብሎ የተዘረጋውን የመብራት ሽቦ አስቀድመሽ ለክሬን ሠራተኛው አሳዪው። በሩ ወደየት እንዲዞር እንደምትፈልጊም መኪናው ላይ ከመጫኑ በፊት ንገሪያቸው፤ ግቢ ከገባ በኋላ ማዞር ሌላ ገንዘብ ነው። ግቢ ውስጥም ቢሆን ለማስቀመጥ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ቀበሌውን ጠይቂ።

የቢሾፍቱ ጥቁር አፈር ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ አንቺም ታውቂዋለሽ። ኮንቴነር ክብደቱን ሁሉ የሚጥለው በአራቱ ማዕዘኖቹ ላይ ስለሆነ፣ ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ በድንጋይና በገረጋንቲ ተተክቶ በአራቱም በኩል የኮንክሪት መቀመጫ ይሠራለት፤ ከመሬትም አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል። አንዱ ማዕዘን ከሰመጠ ሣጥኑ ይንጋደድና በሩ አልዘጋ፣ ተዘግቶም አልከፈት ይላል፤ ሰዎች ማጠፊያው ተበላሸ ብለው በያጅ የሚጠሩት፣ ጥፋቱ ግን ከመሬቱ ነው።

ኮንቴነሩ ላይ ባለ 2,000 ሊትር የውኃ ሮቶ ለመስቀል ማሰብሽን ግን ከአሁኑ ሰርዢው። እርግጥ በብዙዎቹ ሰሌዳ ላይ 192,000 ኪሎ የመደራረብ ጭነት እንደሚችል ተጽፎ ታያለሽ፤ ይህ ግን በመርከብ ላይ ሌላ ኮንቴነር በማዕዘን ምሰሶዎቹ ላይ ሲያርፍ ነው። የጣሪያው መሐል የሚፈተነው በ300 ኪሎ ነው፤ ይኸውም ለጥገና የወጡ ሁለት ሠራተኞችን እንዲችል ነው። ከዚህ ይልቅ ከማዕዘን ምሰሶዎቹ በሚነሣ ብረት ላይ ክፍተት ያለው የቆርቆሮ ጥላ አሠሪለት፤ የበጋውን ፀሐይም ይመልስልሻል።

ከሁሉ አብልጬ የምነግርሽ ስለ እርጥበቱ ነው። ኮንቴነር የሰማዩን ዝናብ ቢከለክልም ከውስጡ ያዘንባል። ቀን ብረቱ ሲግል ውስጥ ያለው አየር ከሸራው፣ ከእንጨቱና ከካርቶኑ እርጥበት ይመጥጣል፤ ሌሊት፣ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ጣሪያው ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ከሥሩ ጠብታ ሆኖ ይንጠለጠልና ዕቃው ላይ ይንጠባጠባል። አብረውት የሚመጡት ትናንሽ የአየር ማስገቢያዎች ለዚህ አይበቁም። ስለዚህ በያጁ በአንዱ ጫፍ ዝቅ አድርጎ፣ በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ ከፍ አድርጎ መስኮት ይክፈትልሽ፤ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፣ የተቆረጠው ጠርዝም ወዲያው አንቲረስት ይቀባ። ሲበይድ ወለሉ እንጨት መሆኑን አይርሳ፤ አጠገቡም ውኃ ይቀመጥ። በነሐሴ ለቅሶ ቤት ሰንብቶ የመጣ ድንኳን እርጥብ እንደሆነ ተጠቅልሎ ከገባ፣ ለጥር ሠርግ ስትዘረጊው ሻጋታው እንግዶቹን ቀድሞ ይቀበላቸዋል። ሸራው በረንዳው ላይ ደርቆ ይግባ፤ ወለሉ ላይም ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ትንሽ ፈንጠር ብሎ ይቀመጥ።

እናትሽ ጤፉንና በርበሬውንም እዚያው ታስቀምጥ ብላለች። በዚህ አልተስማማሁም፤ መድኃኒት የጠጣ ወለል፣ የቀን ሙቀትና የሌሊት እርጥበት ባሉበት የሚበላ ነገር አይቀመጥም። ለእርሷ እኔ እነግራታለሁ።

ሌላው የልጆቹ ነገር ነው። የኮንቴነር በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው፤ ውስጥ የተዘጋበት ሰው ምንም ያህል ቢገፋ አይከፍተውም። ድብብቆሽ የሚወዱ ልጆች ባሉበት ግቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ስትጠቀሚበት መወርወሪያ ብረቶቹ እንዳይገጥሙ ቁልፉን በተከፈተው መያዣ ላይ አንጠልጥለሽ ቆልፊው፤ ስትጨርሺም ውስጡን አይተሽ፣ ልጆቹን በስም ጠርተሽ ዝጊ። ሠራተኛዋም ይህን እንድታደርግ አስለምጃት።

አሁን ከደላላው የበሩን ሰሌዳና ሙሉ ቁጥሩን ከቅርብ ፎቶግራፍ አስነስተሽ፣ ከዲክላራሲዮኑ ቅጂ ጋር ላኪልኝ። ሰነዱን እኔ ካየሁት በኋላ መሰላሉን ይዤ መጥቼ ኮንቴነሩን ለማየት ሞጆ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ድረስ ‹ሌላ ገዢ መጥቷል› ቢልሽም ቀብድ እንዳትከፍዪ።

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።

አባትሽ