ይድረስ ለሰናይት፣ ዴንቨር

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ ለሰናይት፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በዚህ ሰላምታ እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ ግን ይሄን ሁሉ ዓመት ተጠፋፍተን በ«ሃይ» ልጀምር እንዴ? የምጽፍልሽ ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ ካለችው ቢሮዬ ነው። መብራት አለ፣ ኔትወርክ አለ፣ ቡናም ቀርቦልኛል።

የተጠፋፋነው ተጣልተን አይደለም። በየቀኑ የምንገናኝ ስለመሰለን ይመስለኛል። ፌስቡክ ላይ በረዶ ስትጠርጊ አያለሁ፣ የልጅሽን ልደት አያለሁ፣ ላይክ አደርጋለሁ፤ ታዲያ ምን ቀረና ልጻፍልሽ? ከዚያ ቀስ በቀስ አንቺ ከስልኬ ጠፋሽና በቦታሽ የማላውቃት ሴትዮ ሽንኩርት ስትከትፍ መጣች። እኔ መለጠፍ የተውሽ መሰለኝ። ምናልባት አንቺም ስለ እኔ እንደዚያው አስበሽ ይሆናል።

ነገሩ የሁለታችን ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ የአንድ ክስ ዜና ሳነብ ነው። እናንተ አገር የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በፈረንጆች 2020 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሶት ነበር። ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን የገዛው ተፎካካሪ እንዳይኖረው ነው፣ የጓደኛና የቤተሰብ መገናኛውን ገበያ ብቻውን ይዞታል ብሎ። የሜታ መከላከያ ምን መሰለሽ? ተፎካካሪዎቼ ቲክቶክና ዩቲዩብ ናቸው፤ ሰው አሁን እኔ ጋ የሚመጣው በአብዛኛው ቪዲዮ ሊያይ ነው አለ። አሃዙም ቀረበ፤ አሜሪካኖች ፌስቡክ ላይ ከሚያሳልፉት ጊዜ የጓደኞቻቸውን ነገር የሚያዩበት 17 በመቶ ብቻ ነው፤ ኢንስታግራም ላይ ደግሞ 7 በመቶ። ዳኛ ጀምስ ቦስበርግም በኛ ኅዳር 2018 ለሜታ ፈረዱለት። ሰውን ከጓደኛው ጋር ማገናኘት ዋና ሥራዬ አይደለም ብሎ ተከራክሮ መርታት እንዲህ ነው! እኔ ፌስቡክን ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን ነው የምለው። ቴሌቪዥን አልጠላም፤ ግን ጓደኛዬን ቴሌቪዥን ላይ አልጠብቅም።

የድሮ መገናኛዎቻችንማ አልቀዋል። ያሁ ሜሴንጀር በሐምሌ 2010 ተዘጋ። ስካይፕን ማይክሮሶፍት ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዘጋው፤ በአርበኞች ቀን መሆኑ ነው፣ ማን ድል እንዳደረገ እንጃ። ደቂቃ እየቆጠርን የምንከፍልበት የፒያሳው ኢንተርኔት ቤትም ከነሰፈሩ ፈርሷል፤ አሁን ሰፊ መንገድና የብስክሌት መስመር ነው። ብትመጪ እኔው እየመራሁ ካላሳየሁሽ ትጠፊያለሽ።

ከቢሮዬ ሥር ያለውን ጫማ ቤት ግን ባየሽው። ስትገቢ ሱቁ ባዶ ነው፤ ባለሱቋ ግን ላብ በላብ ናት። ስልኳን ማቆሚያ ላይ ሰክታ፣ ክብ መብራት ፊቷ ላይ አብርታ፣ አንድ እግር ጫማ ይዛ ላይቭ ገብታለች። «38 አለ፣ 39 አልቋል፤ የኔ ቆንጆ ብሩን አስገቢና ሞተረኛው ይነሳ!» ኮሜንት ላይ ሁሉም ዋጋ ይጠይቃል፣ እሷ ደግሞ «ዋጋ በኢንቦክስ» ትላለች። ለምን በግልጽ አትናገሪም ብላት፣ ጎረቤቴ ሰምቶ በሃምሳ ብር ይቀንስብኛል አለችኝ። ክፍያው በቴሌብር ነው፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ በግንቦት 2013 የመጣ ነገር ነው፣ አሁን ሊስትሮው ሳይቀር ይቀበልበታል። መጀመሪያ ሰሞን የከፈልሽበትን ስክሪንሾት ብትልኪ ይበቃ ነበር። የሐሰት ስክሪንሾት አስመስለው የሚሠሩ ጮሌዎች ከመጡ ወዲህ ግን መልእክቱ እሷው ስልክ ላይ ካልገባ ጫማው ከካርቶኑ አይወጣም።

ዌብሳይት ልሥራልሽ ብላት ሳቀችብኝ። ቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ ቲክቶክ አለኝ፣ ዌብሳይት ምን ሊያደርግልኝ? እነሱ የኪራይ ቤት ናቸው፣ ባለቤቱ በፈለገ ቀን ያስወጣሻል አልኳት። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክም ቴሌግራምም ቲክቶክም ዩቲዩብም ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብለው የከረሙበትን ጊዜ አስታወስኳት። «ይሁን፣ ግን ገዢዬ ያለው እዚያ ነው» አለች። ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ጉግልም ቢሆን ከግንቦት 2016 ጀምሮ መልሱን በኤአይ አዘጋጅቶ ከላይ ማስቀመጥ ጀምሯል፤ ሰው እሱን አንብቦ ይመለሳል እንጂ እኛ የደከምንበትን ገጽ ማን ይከፍታል? ሥራዬ ተቀዛቅዟል፣ አልዋሽሽም።

እኔን ደስ የሚለኝ አዲስ ነገር እዚህ ማንም የማያወራለት ነው። ማስቶዶን የሚባል ማኅበራዊ መገናኛ አለ፤ አክቲቪቲፐብ በሚባል ክፍት ደንብ የሚሠራ ነው፤ ደንቡን የዌብ ደረጃ አውጪው ደብሊው ስሪ ሲ በፈረንጆች 2018 አጽድቆታል። እኔ ከሳፋሪኮም ሲም ኢትዮ ቴሌኮም ላይ እንደምደውለው፣ አንዱ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው ሌላው ላይ ያለውን መከተል ይችላል። ያለሽበት ካልተመቸሽም ተከታዮችሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። የሜታው ትሬድስ እንኳ በከፊል ገብቶበታል። ችግሩ፣ ገብቼ ዞር ዞር ብል አማርኛ የሚጽፍ ሰው ብርቅ ነው። ጭር ያለ ሰፈር ውስጥ ብቻሽን ቡና አፍልተሽ ምን ታደርጊያለሽ?

ስለዚህ ሁላችንም ቴሌግራም ላይ ነን፤ ዕድሩም፣ የልጆች ትምህርት ቤቱም፣ የሰንበቴው ማኅበርም። ሰው ግን ሚስጥሩን ሁሉ እዚያ ያፈሳል። ተራው ቻት ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም፣ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ የሚቆለፈው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚለውን ራስሽ ስትከፍቺ ብቻ ነው። ባለቤቱ ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ 2016 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ደግሞ፣ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የተጠርጣሪዎችን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ እንደሚሰጥ አሳውቋል። ይሄን ለዕድራችን ጸሐፊ ብነግራቸው «እኛ ምን አለብን፣ የሟች ስም ዝርዝር ነው» አሉኝ።

እማዬም ገብታበታለች። ባለፈው የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አንበሳ በጠራራ ፀሐይ መስቀል አደባባይ ሲንጎራደድ የሚያሳይ ቪዲዮ ልካ «ከቤት እንዳትወጡ!» ብላ ጻፈች። ድምፁም አለው፣ ሰው ይጮኻል፣ ጥሩምባ ይነፋል። ጉግል በግንቦት 2017 ቪኦ 3 የሚባለውን ቪዲዮ ሠሪ ኤአይ ካወጣ ወዲህ ምስልና ድምፅ አንድ ላይ ይሠራል፤ ለማወቅ ከባድ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቪዲዮውን አቆምኩትና ከአንበሳው ኋላ ያለውን የሱቅ ታፔላ አንብቢልኝ አልኳት። መነጽሯን አድርጋ ቀረብ አለች። ከሩቅ ፊደል ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉት ግን «ቀ»ም አይደለም «ፀ»ም አይደለም፣ እግር እግር ብቻ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ አይደለች? «ኤዲያ፣ ፊደል ያልቆጠረ ነው የሠራው!» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። አሁን ምን ቢላክላት መጀመሪያ ታፔላ ትፈልጋለች። ፊደላችንን አሳምረው መጻፍ የተማሩ ቀን ግን ሌላ ዘዴ ልፈልግላት ነው።

እንግዲህ ሰኒዬ፣ ከአሁን በኋላ በኢሜይል እንጻጻፍ። ያረጀ ነው፣ ግን አንቺ የጻፍሽው ሳይጎድል ይደርሰኛል፤ ማን ምን ይይ ብሎ በመካከል የሚመርጥልን የለም። ለመደወል ደግሞ ሲግናል የሚባለውን መተግበሪያ ጫኚ። የድሮው አድራሻሽ የሚሠራ ከሆነ በሁለት መስመርም ቢሆን መልሺልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። በኔ ድምፅ «ቸግሮኛል፣ ብር ላኪልኝ» የሚል የድምፅ መልእክት ቢመጣሽ እንዳትልኪ። አጭር ቅጂ ብቻ አግኝተው የሰው ድምፅ አስመስለው የሚያወጡ መሣሪያዎች እንደ ልብ ሆነዋል። መጀመሪያ ደውለሽ፣ አንደኛ ዓመት ዶርም ሳለን ማታ ማታ ተደብቀን ምን እንቀቅል እንደነበር ጠይቂኝ። መልሱን እዚህ አልጽፈውም። በትክክል ከመለስኩልሽ ግን የምር ቸግሮኛል ማለት ነው፤ ላኪ።

ያንቺው ሂሩት
አዲስ አበባ