ለአባባ፣ ስለ ቤቱ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ክረምቱን እንዴት ከረመ? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ጉልበትዎን ስመዋል። እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ።

ይህን ነገር በስልክ ልጨርሰው ሞክሬ ነበር። አሮጌውን ቤት አፍርሰን አዲስ ስለ መሥራት ሳነሳ ግን «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ይሉና ስልኩን ለእህቴ ያቀብሏታል፤ ስለ ዶሮ ዋጋ ስናወራ ኔትወርኩ ደህና ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ አሰፈርኩት። ካልጣመዎት አጥፈው ትራስዎ ስር ያድርጉትና ሌላ ቀን ያንብቡት፤ እስከ መስቀል ጊዜ አለን።

እህቴ «‹ሬሳዬ ሳይወጣ ይህ ቤት አይነካም› ብለዋል» ስትለኝ ደነገጥኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከዚህ ቃል በስተጀርባ ከአንድ በላይ ስጋት እንዳለ ገባኝ። አንዳንዱ ስጋት ልክ ነው። አንዳንዱን ደግሞ እኛ ልጆች ሳንነግርዎ ስለተንሾካሾክን ያመጣነው ነው።

በመጀመሪያ የቤቱን ነገር በግልጽ እንነጋገር። አናጺው መጥቶ ከጓዳው በስተኋላ ያለውን ቋሚ ግርጌውን ቆፍሮ ሲያሳየን አብረን ነበርን። ከመሬት በላይ ያለው እንጨት ደህና ይመስላል፤ ከመሬት በታች ያለውን ግን ምስጥ በልቶ ዱቄት አድርጎታል። «ግድግዳው ጣራውን የተሸከመ መስሏችሁ ነው እንጂ፣ ጣራው ነው ግድግዳውን አንጠልጥሎ የያዘው» አለን። እርስዎ ሳቁ፤ እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያ ላይ የሰፈሩ መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ አለና ግቢያችን ጎድጓዳ ሆኖ ቀረ። ድሮ ከእኛ ወደ መንገድ ይወርድ የነበረው ጎርፍ አሁን ከመንገድ ወደ እኛ ይመጣል። በሐምሌ ከሳሎን ውሃ በባልዲ ስትቀዱ የከረማችሁት ለዚህ ነው፤ ከተማው ከቤቱ በላይ ከፍ ስላለ።

እማዬ በነበረችበት ጊዜ በየዓመቱ ዘመን መለወጫ ሲቃረብ ጭድና ጭቃ አቡክታ ስንጥቁን ትደፍን፣ በእበት ትለቀልቅ፣ ኖራ ትቀባ ነበር። የጭቃ ቤት ዕድሜው በእመቤቲቱ እጅ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ ያንን የሚያደርግ የለም። እኛ ልጆቿም አልተማርነውም።

ቤቱን የምንንቀው እንዳይመስልዎ። በ1972 ማዘጋጃ ቤት በምሪት በሰጠዎ ቦታ ላይ ከባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጓደኞችዎ ጋር በደቦ እንዳቆሙት እየሰማን ነው ያደግነው። ከሌሊት ፈረቃ የወጡ ሰዎች እንቅልፋቸውን ትተው ጭቃ ሲረግጡ፣ ማገር ሲያስሩ፣ ሲመርጉ፣ እማዬ ጠላ ስትቀዳላቸው ያላየሁትን ያየሁት ያህል አውቀዋለሁ። ኮርኒሱ እንኳ አቡጀዲ ነበር። ፋብሪካው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ እንደተሠራ ትምህርት ቤት ስንማር፣ ከራሳችን በላይ ተወጥሮ ሌሊቱን ሙሉ አይጥ የሚሮጥበት ጨርቅ የካሳው ትርፍ መሆኑን ለክፍል ጓደኞቼ በኩራት እነግራቸው ነበር።

ቤቱ ይህን ያህል ዘመን እንዴት እንደቆመም አሁን ነው የተረዳሁት። አፈሩን ለማየት ባስቆፈርነው ጉድጓድ ከላይ ያለው ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የእንጨትና የጭቃ ቤት ከአፈሩ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ይሰነጠቃል፣ ይደፈናል፣ ይቀጥላል። ብሎኬት እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ዋልካ ላይ በቀጥታ ካስቀመጡት ጥቂት ክረምት ሳይቆይ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይተረተራል። ስለዚህ መሠረታችን ዋልካውን አልፎ ጠንካራው መሬት ድረስ ይወርዳል። ከወለሉ ስር ያለው ጥቁር አፈር ተጠርጎ ይወጣና በሰሌክት፣ ማለትም ውሃ ሲነካው በማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ ተሞልቶ፣ በየደረጃው ውሃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል። ኮለኖቹን፣ የኮንክሪት ምሰሶዎቹን፣ ከታች ግሬድ ቢም የሚባል የብረትና የኮንክሪት አግዳሚ ያስተሳስራቸዋል። ጎረቤትዎ መጥተው «ይህን ሁሉ ብረት መሬት ውስጥ ለምን ትቀብራላችሁ? የልጆች ብኩንነት ነው» ይሉዎታል። አይስሟቸው።

ሥራው ለምን ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ እንደሚጀመርም ልንገርዎ፤ «ቸኩለዋል» ወይም «ዘግይተዋል» እንዳይሉን። ጣና የሚሞላው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የግቢያችን የውሃ ጉድጓድም ውሃው አፉ ድረስ የሚቀርበው ያኔ ነው። በመስከረም መሠረት እንቆፍር ብንል ትርፋችን ውሃ መቅዳት ነው። ውሃው ሸሸት ሲል ተቆፍሮ፣ ሰኔ ሳይገባ ጣራው መመታት አለበት። የድሮው ሽንት ቤትም ከጉድጓዱ ጋር በጣም ተቀራርቧል፤ ተመጥጦ፣ ኖራ ተነስንሶበት ይደፈናል። አዲሱ ሴፕቲክ ታንክ በሌላው ማዕዘን፣ ከጉድጓዱ ርቆ ይቀበራል።

የመንግሥትንም ነገር አውቃለሁ። አጎቴ ያከራየው ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 «ትርፍ ቤት» ተብሎ ሲወረስ በዓይንዎ አይተዋል። ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ በላይ እንዳይኖር፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ በተደነገገበት ዘመን ጎጆ የቀለሰ ሰው «ቤቱን ካፈረስኩ ቦታውስ?» ቢል አልፈርድበትም። መሬቱ ዛሬም የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ይህ አልተለወጠም። ግን ይዞታዎ ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ነባር ይዞታ ነው፣ ካርታው በእርስዎና በእማዬ ስም ነው፣ ግብሩም በየዓመቱ ተከፍሏል፤ ደረሰኞቹን በላስቲክ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡትን እኔው ራሴ አይቻለሁ። በሕንፃ አዋጁ ያለ ፈቃድ መሥራትም ማፍረስም አይቻልም። ስለዚህ ፕላኑ ጸድቆ ፈቃዱ እጃችን ሳይገባ አንድ ቆርቆሮ አይነሳም። ፈቃዱ ሲወጣ ዋናው ወረቀት እዚያው ሳጥንዎ ውስጥ ይገባል። እኛ ኮፒ ይበቃናል።

የእማዬን ድርሻ በተመለከተ የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት አውጥተናል። እርስዎ በሕይወት እያሉ ድርሻዬን የሚል እንደሌለ ልጆችዎ ሁላችንም ተፈራርመናል። የማንተማመን ሆነን አይደለም። አንድ አጥር ተጋርተው የሚኖሩ ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ምክንያት ለቅሶ እንኳ መደራረስ ሲተዉ ስላየን ነው።

ታናሽ ወንድሜ ጂ+2፣ ማለትም ምድር ቤትና ሁለት ፎቅ፣ ይሁን ብሎ ነበር። ላዩን አከራይተን የባንኩን እንከፍላለን ብሎ ሂሳቡን ልኮልኛል፤ ሂሳቡም ልክ ነው። የረሳው ቤቱ ለማን እንደሚሠራ ነው። የማናውቀው ሰው ከራስዎ በላይ ሲረግጥ፣ ግቢው የተከራይ ባጃጅ ማቆሚያ ሲሆን፣ እርስዎ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁት የት ነው? ሁለት ሳምንት ተኳረፍንበት። በመጨረሻ የተስማማነው አሁን ምድር ቤቱ ብቻ በቆርቆሮ ጣራ እንዲሠራ፣ መሠረቱና ኮለኑ ግን አንድ ፎቅ እንዲሸከም ሆኖ እንዲወጣ ነው። የልጅ ልጆችዎ ፎቅ ካማራቸው በራሳቸው ገንዘብ ይጨምሩ። አሁንም ትንሽ እንዳኮረፈ ነው፤ ሲደውልልዎ አይጠይቁት።

«ታዲያ ድንኳኑ የት ሊተከል ነው?» ብለው እህቴን የጠየቋትን ሰምቻለሁ። ከሁሉም ጥያቄዎችዎ የከበደኝ ይህ ነው፤ ደግሞም ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ፕላኑን የነደፈው ልጅ ቤቱን መሃል ግቢ ላይ ቁጭ አድርጎ ዙሪያውን ለምንም የማይሆን ጠባብ መተላለፊያ ትቶ ነበር። ፕላኑን መለስኩለት። «እዚህ አገር ግቢ ማለት የሣር ማሳመሪያ አይደለም፤ የእድር ድንኳን፣ የሰርግ ዳስ፣ የማኅበር ዝክር የሚውልበት ነው» አልኩት። አሁን ቤቱ ሕጉ የሚያዝዘውን ርቀት ብቻ ትቶ ወደ ደቡቡ አጥር ተጠግቷል፤ ከፊቱ ያለው ግቢ የእድራችሁን ትልቁን ድንኳን ይችላል። ግን ስለ ለቅሶ ብቻ አያስቡ፤ ታናሿ ልጅዎ ገና አላገባችም። መጀመሪያ ዳስ እንጥልበት።

በረንዳው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጣና ይዞራል። ሐይቁን እንኳ ፊት ለፊታችን የበቀለው ፎቅ ጋርዶታል፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ነፋሱን ግን ሊጋርድ አልቻለም። ሳሎን ውስጥ የሚቀመጡባት መደብ ከግድግዳው ጋር መፍረሷ አይቀርም። እሷን በጥቁር ድንጋይ በረንዳው ላይ አሠራታለሁ፤ ሶፋ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ወለሉ በአፈር ከሚሞላው ግቢ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል ደረጃ ብቻ አልተውንለትም፤ ጎኑን ይዞ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ የእጅ መደገፊያ ያለው ቀስ ብሎ የሚወጣ መንገድ አለው። መኝታዎ ከሳሎኑ ቀጥሎ ነው፤ መታጠቢያና ሽንት ቤቱ ከውስጥ። «ሽንት ቤት ከሰው መኝታ ጋር?» ብለው ፊትዎን እንደሚያጨማድዱ ይታየኛል። በሌሊት ዝናብ ጭቃው አዳልጦዎት የወደቁ ጊዜ ማንም እንዳልሰማ ግን አይርሱ። በሮቹ ሁሉ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት አላቸው። መስኮቶቹ የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት ይኖራቸዋል።

ማድቤቱ ውጭ ይቀራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገባል፤ መብራት በጠፋ ቀን ጦም እንዳይታደር የእንጨት ምድጃውም ጭስ ማውጫ ተሠርቶለት አብሮ ይኖራል።

ማንጎው አይቆረጥም። ግቢው ሲሞላ ግንዱ አፈር ውስጥ እንዳይቀበርና ሥሩ እንዳይታፈን ዙሪያውን በድንጋይ ክብ ተደርጎ ይታጠርለታል። ጌሾው ግን ከመሠረቱ መስመር ላይ ስለሆነ መነሳቱ አይቀርም፤ ከግንዱ ቆርጠን አጥሩ ስር እንተክላለን። የፈረሰው ግድግዳ ጭቃም ለጓሮው ይበተናል። ጤነኛው ቆርቆሮ ለሲሚንቶ መጋዘኑ ይሆናል፤ የፊት ለፊቱ የእንጨት በር ተነቅሎ ለማድቤቱ ይገጠማል። የሚጣል ብዙ የለም።

እስከዚያው የሚቀመጡት አባይ ማዶ፣ እህቴ ዘንድ ነው። «ከጊዮርጊስ ራቅሁ» እንዳይሉ፤ በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ የእግረኛ መንገዱም ሰፊ ነው። እንደ ድሮው ከመኪና ጋር አይጋፉም። ሲደክምዎ ባጃጅ አለ። እህቴ ክፍሉን አዘጋጅታለች፤ ባለቤቷም ከእኔ በላይ እርስዎን ለማምጣት የሚቸኩል ሰው ነው፤ የገበጣ ጓደኛ አጥቷል።

ደግሞም ሥራ ፈተው አይቀመጡም። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ሳይደርቅ ውሃ መጠጣት አለበት፤ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ግንበኛው ሞልቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ጠዋትና ማታ የሚያስጠጣው የቤቱ ሰው ነው። ጎማውን የሚይዝ ልጅ እንቀጥራለን፤ ልጁ ላይ የሚቆም ሰው ግን ያስፈልገናል። አሸዋው ጭቃ የበዛበት መሆኑን በውሃ አጥልለው የሚያዩ፣ ለአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ስንት ሳጥን አሸዋና ጠጠር እንደገባ የሚቆጥሩ ሰው። የፈረቃ መሪ ሆነው ሠራተኛ ሲያሠሩ ኖረዋል፤ ከእርስዎ የተሻለ አላውቅም። ደሞዝ አልከፍልም፤ ምሳ አለ።

ከመፍረሱ በፊት ካህኑ መጥተው ጸሎት ያደርሳሉ፣ ጠበልም ይረጫሉ። ቡናው እዚያው ሳሎን ውስጥ ይፈላል። ጎረቤትና የእማዬ ማኅበርተኞች ይጠራሉ። ከደቦው ሰዎች በሕይወት ያሉትን ደግሞ እርስዎ ይጥሯቸው፤ ማን የት እንዳለ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ቀኑን እርስዎ ይቁረጡ። ብቻ ከጥቅምት አይለፍ።

አሁን የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። እህቴ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ የፈቃዱን ማመልከቻ ይዛልዎ ትመጣለች። ባለይዞታው እርስዎ ስለሆኑ የእርስዎ ፊርማ ሳይኖርበት የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች አይቀበሉትም። አስነብበው፣ የማይገባዎ ካለ ጠይቀው ይፈርሙ። መመላለሱ ከከበደዎ ውክልና ለእህቴ ይስጧት፤ ለእኔ አይስጡኝ፣ እኔ ሩቅ ነኝ። ሁለተኛው፣ መደቧ ላይ እንደተቀመጡ ከወለሉ እስከ መቀመጫው ያለውን ቁመት፣ የመደቧንም ስፋት በሲባጎ ይለኩልኝና ሲባጎውን ለእህቴ ይስጧት። ድንጋይ ጠራቢው በልኩ ይሠራዋል።

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ።

ጉልበትዎን የምትስም ልጅዎ፣
ከአዲስ አበባ