ዩ ስትሪት በስንት መዝገብ ይነበባል?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ልጆች ኮሌጅ ገብተው «አሜሪካን ስተዲስ (አሜሪካን በብዙ የትምህርት ዘርፎች የሚያጠና ትምህርት) መረጥን» ሲሉ ብዙ ወላጅ ግራ ይጋባል። ታሪክ ነው ወይስ ሥነ ጽሑፍ? ከሁሉም ቀምሶ በአንዱም የማይጠልቅ ትምህርት ነው የሚሉም አሉ። ስጋቱ መሠረት የለውም አንልም፤ ከአምስት ትምህርት ክፍሎች አምስት የመግቢያ ኮርስ አጠራቅሞ የሚመረቅ ተማሪ በእርግጥ እንዲያ ይሆናል። ትምህርቱ የሚበረታው ተማሪው አንድ ጠባብ ጥያቄ ይዞ፣ የአንዱ ዘርፍ ማስረጃ ከሌላው ጋር ሲጋጭ ለምን እንደተጋጨ ማስረዳት ሲችል ነው።

አንባቢዎቻችሁ በደንብ የሚያውቁትን ቦታ እንውሰድ፤ ዋሽንግተን ዲሲ ያለውን ዩ ስትሪትንና የሻውን ሠፈር። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከሕጉ እንጀምር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በከተማዋ ብዙ ቤቶች የሚሸጡት ለጥቁር እንዳይሸጡና እንዳይከራዩ የሚከለክል አንቀጽ በያዘ ውል ነበር። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሼሊና ክሬመር በተከራከሩበት መዝገብ፣ በዚያው ቀንም ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ በማይርቀው ብራያንት ስትሪት ባሉ ቤቶች በተነሣው የኸርድና የሆጅ ክርክር፣ ፍርድ ቤቶች ይህን ክልከላ ማስፈጸም እንደማይችሉ ወሰነ። የሕግ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ተማሪ «ክልከላው በ1948 አበቃ» ብሎ ይጽፋል። አላበቃም። ውሳኔው ያስቀረው በፍርድ ቤት ማስፈጸሙን ነው፤ ሰዎች አንቀጹን ውል ላይ ከማስፈር፣ በፈቃዳቸውም ከማክበር አላገዳቸውም። በቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር አድልዎን በአገር ደረጃ የከለከለው ሕግ የወጣው ኤፕሪል 1968 ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ። በሁለቱ ዓመታት መካከል የሆነውን ለማየት የይዞታ መዝገብ ቤት ሄዶ የአንድ መንገድ ውሎችን በየቤቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

የሙዚቃ ተማሪውም እዚሁ ይገናኛል። በ1910 የተከፈተው ሃዋርድ ቲያትርና በ1922 የተከፈተው ሊንከን ቲያትር ለምን በአንድ አካባቢ ተሰበሰቡ? በመሀል ከተማ ብዙ ቲያትር ቤቶች ጥቁር ተመልካች አያስገቡም ነበር። ያለዚህ መልስ በዚሁ አካባቢ ያደገው የጃዝ ሙዚቀኛ የዱክ ኤሊንግተን አስተዳደግ ግማሹ ይጎድላል።

ተማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት በሕዝብ ቆጠራው ነው። የዋሽንግተን ነዋሪ በ1950 802,178 ነበር፤ በ2000 ወደ 572,059 ወረደ፤ በ2020 ደግሞ 689,545 ሆነ። የከተማው ድምር ችግር የለበትም፤ ወደ ሠፈር ሲወረድ ግን የቆጠራ ቀጠናዎች ወሰን ከአንዱ ቆጠራ ወደ ሌላው ስለሚለዋወጥ አስቀድሞ ካርታዎቹን ማነባበር ግድ ነው። የዘር ዓምዱም እንደዚሁ። እስከ 1950 ድረስ የሚሞላው ቤት ለቤት የሚዞረው ቆጣሪ ነበር፤ ከ1960 ጀምሮ ሰዎች ራሳቸው መሙላት ጀመሩ፤ ከአንድ በላይ መምረጥ የተፈቀደው በ2000 ነው። ስለዚህ በሁለት ቆጠራዎች መካከል የታየ ለውጥ የሰው ሳይሆን የጥያቄው ለውጥ ሊሆን ይችላል። ስም ያለበት ቅጽ ደግሞ 72 ዓመት ካልሞላው አይከፈትም፤ የ1950ው በ2022 ተከፍቷል፣ የ1960ው እስከ 2032 ይጠበቃል። እስከዚያው የከተማ አድራሻ ማውጫና የስልክ ማውጫ ይተኩታል። የኢትዮጵያ ተወላጆችን በሠፈር ደረጃ ለመቁጠር የቆጠራ ቢሮውን የናሙና ጥናት የሚጠቀም ሰው የአምስት ዓመቱን ጥቅል ይውሰድ፤ የአንድ ዓመቱ የሚወጣው 65,000 እና ከዚያ በላይ ሰው ላለበት አካባቢ ብቻ ነው።

ስለ እኛ ሰዎች የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ከ1980ው የስደተኞች ሕግ ተነሥተው፣ በአዳምስ ሞርጋን ሠፈር ምግብ ቤቶችና በዲቪ በኩል ወደ ዩ ስትሪት ይደርሳሉ። ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ግን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቁት በ1935 ነው። ጥቁር አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ፕሮፌሰር ዊሊያም ሊዮ ሃንስበሪም እዚያው እያስተማሩ በ1934 የኢትዮጵያ ምርምር ምክር ቤትን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው። ተማሪው ይህን የሚስተው ስለ ስደት የተጻፈው በአንድ መደርደሪያ፣ ስለ ፓን አፍሪካኒዝም (ስለ ዓለም ጥቁር ሕዝቦች የአንድነት እንቅስቃሴ) የተጻፈው በሌላ ስለሚቀመጥና እሱ ወደ መጀመሪያው ብቻ ስለሚሄድ ነው።

በኮርስ ምርጫ የምንመክረው አጭር ነው። ለዲግሪው ከሚያስፈልገው 120 ገደማ ክሬዲት ውስጥ ሁለት ዘርፍ ብቻ አጥብቆ መያዝ፣ ከእያንዳንዱም የምርምር ዘዴ ኮርስ እስከ ሦስተኛ ዓመት መጨረስ። ስታቲስቲክስን ወደ አራተኛ ዓመት ያሻገረ ተማሪ መረጃ ሰብስቦ መተንተን ሲያቅተው ጽሑፉ ይንጠለጠላል።

ሽማግሌዎችን ቃለ መጠይቅ ለማድረግ የሚነሣ ተማሪ ከመቅረጹ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የምርምር ሥነ ምግባር ቢሮ ይጠይቅ፤ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ድምፅ ጥቅም ላይ እንዳይውል ሊከለከል ይችላል። ቃሉን መጀመሪያ በአማርኛ ይገልብጥ፣ ከዚያ ይተርጉም። የምግብ ቤት መነሻ ገንዘብን በባንክ ብድር መዝገብ ብቻ የሚፈልግ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ዕቁብን አያገኘውም፤ ባለ ምግብ ቤቱ «ዕጣ ወጣልኝ» ሲሉም ሎተሪ ብሎ ይተረጉመዋል። ዓመተ ምሕረቱም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። «በ72 መጣሁ» ያሉ ሰው የመጡት በ1979 ወይም በ1980 ነው። 1972 ተብሎ ከተመዘገበ፣ ከደርግ ሸሽተው የወጡት ሰው በንጉሡ ዘመን ለትምህርት ከመጡት ጋር ይቆጠራሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአሜሪካ ታሪክና ማኅበረሰብ መምህራን