ከሰዓቱ ጎን ያለችው ቀይ ምልክት

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት?

ባለፈው በስልክ "ኮምፒውተሩ ላይ ከሰዓቱ ጎን ያለችው ቀይ ምልክት ምንድን ናት?" ሲሉኝ "ምንም አይደለችም፣ ይተዋት" ብዬ አለፍኩት። ሥራ ይዤ ስለነበር ነው። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ያቺን ምልክት እዚያ ያመጣኋት እኔው ነኝ።

ልጄ እርስዎ ጋ የሰነበተ ጊዜ ጌም ካልጫንክልኝ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ጫንኩለት። መሀል ላይ ረጅም ጽሑፍ መጣና "ይስማማሉ?" አለኝ። ሳላነብ "አዎ" አልኩ። በእርስዎ ዕቃ ላይ፣ እርስዎ ከጎኔ ቁጭ ብለው መነጽርዎን እየወለወሉ።

ምልክቷ የአንቲ ቺት ናት፤ አጭበርባሪ ተጫዋች የሚይዝ ፕሮግራም። ኦንላይን ጌም ላይ ከግድግዳ ጀርባ ያለውን ሰው የሚያሳይ፣ ሳያልሙ የሚያስመታ ፕሮግራም ገዝተው የሚገቡ አሉ። አንዳንዱ ማጭበርበሪያ ከርነል በሚባለው የኮምፒውተሩ ጓዳ ውስጥ ይደበቃል። ጠባቂውም ተከትሎት ጓዳ ገባ። እዚያ የገባ ፕሮግራም ደግሞ የቀረውን ቤት ለማየት የሚከለክለው የለም። ፎቶዎችዎ፣ የባንክ ወረቀትዎ፣ በሁለት ጣት እየለቀሙ የሚጽፉት የሕይወት ታሪክዎ። ከፍቶ ያነባል አላልኩም። ቁልፉ ግን እጁ ላይ ነው።

የቫሎራንት የተኩስ ጌም ጠባቂ ቫንጋርድ በፈረንጆቹ 2020 ሲወጣ ያን ሁሉ ጫጫታ ያስነሳው፣ ጌሙ ባይከፈትም ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ መነሳቱ ነበር። የእርስዎም እንደዚያው ነው። ጠዋት ኢሜይልዎን ሊያዩ ሲቀመጡ እሱም ነቅቷል።

"ታዲያ ሌቦች ናቸው?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አይመስለኝም። እኔን የሚያሰጋኝ ቁልፉ ሌላ እጅ ሲገባ ነው። በፈረንጆቹ 2013 ኢኤስኢኤ የሚባል የጌም ሊግ ለተጫዋቾቹ የሰጠው የአንቲ ቺት ፕሮግራም በድብቅ በኮምፒውተራቸው ቢትኮይን የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲያመርትባቸው ተገኘ። ድርጅቱ የአንድ ሠራተኛችን ሥራ ነው አለ። ይህ ሊያጽናናን ነው እንግዲህ! በፈረንጆቹ 2022 ደግሞ ሰርጎ ገቦች የጌንሺን ኢምፓክት ጌምን አንቲ ቺት ድራይቨር (ጓዳ የሚገባውን ክፍሉን) ወስደው የሰው ጸረ-ቫይረስ አጠፉበት። ጌሙ ኮምፒውተሩ ላይ መኖር እንኳ አላስፈለጋቸውም። ድራይቨሩ ሕጋዊ ፊርማ ስላለው ዊንዶውስ አምኖ አስገባላቸው።

ልጄን ሳስረዳው "ያለዚያ እኮ በአጭበርባሪ እንበላለን" አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ራሴ እጫወታለሁ፣ ጠባቂውም ቤቴ አለ። ግን ከጌም በቀር ምንም በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የገባሁበትም ፈቅጄ ነው። እርስዎን ግን ማንም አልጠየቀዎትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኝ ይሆናል። ቢሆንም ቅዳሜ እደውላለሁ፣ ኮምፒውተሩን ከፍተው ይጠብቁኝ። ጌሙን ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ ጠባቂው ለብቻው ነው የሚነቀለው። እኔ እየነገርኩዎት እርስዎ ይነካሉ። ከዚያ አጥፍተን እናበራዋለን፤ ከሰዓቱ ጎን ምን እንደቀረ እርስዎ ያነቡልኛል።

ልጅዎ