ለልጄ፤ ስለ ደም ግፊትህና ስለ ገብሱ ሾርባ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአባትነት ሰላምታዬን አቀርብልሃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የደብረ ብርሃን ብርድም እንደምታውቀው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ፣ አክስትህ ከአሜሪካ፣ ከሴንት ፖል ከተማ፣ ደውላ ሐኪም ዘንድ ሄደህ የደም ግፊትህ ከፍ ብሎ እንደተገኘ ስለነገረችኝ ነው። አንተ በበኩልህ ስትደውልልኝ «ደህና ነኝ አባዬ፤ እንቅልፍ ብቻ ነው ያጠረኝ» ብለህ አልፈኸው ነበር። እኔ ይህን በሽታ ያገኘሁት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ አንተ ግን 30 ዓመት ሳይሞላህ ልትወርሰኝ ቸኮልክ። ይህን የምጽፈው ልቆጣህ አይደለም፤ ደግሞም ልቆጣህ ነው።

የሌሊት ሥራ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ከመጋዘኑ ጎሕ ሲቀድ ወጥተህ፣ በዚያ በረዶ ውስጥ ቤትህ ገብተህ፣ ሽንኩርት ልጣጭ ማለት እንደማይሆንልህም እረዳለሁ። ነገር ግን አክስትህ እንደምትለው ጠዋት የቆርቆሮ ሾርባ፣ ማታ በፓኬት የሚመጣው ኑድል ከሆነ ምግብህ፣ የምትበላው ምግብ ሳይሆን ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን የሚመክረው ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ቆርቆሮው ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ተመልከት፤ የሶዲየሙ (ጨው ውስጥ ያለው፣ ግፊት የሚያስነሣው ንጥረ ነገር) ቁጥር ትንሽ የሚመስለው ለአንድ ጊዜ መመገቢያ ተብሎ ስለተጻፈ ነው፤ አንተ ግን በአንድ መቀመጫ የምትጨርሰው ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ሁለት መመገቢያና ከዚያ በላይ ነው። ማባዛት ያስተማርኩህ እኔ ነኝና አባዛው።

እንግዲህ አክስትህ የገዛችልህ ስሎው ኩከር፣ ያ በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚያበስለው የሸክላ ድስት፣ እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አለመውጣቱን ሰምቻለሁ። ዛሬውኑ አውጣው። እናንተ ዘንድ በመጣሁ ጊዜ እሷ ሥራ ውላ ስትመለስ ሾርባው ደርሶ ሲጠብቃት አይቻለሁ፤ ቀን ቀን ከድስቱ ጋር የምውለው እኔ ስለነበርኩም አሠራሩን በሚገባ አጥንቼዋለሁ። ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነው። ሙቀቱ የሚመጣው በሸክላው ዙሪያ ከተጠመጠመ ሽቦ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይገባል፤ እንፋሎቱም ክዳኑ ላይ ጠል ሆኖ ይመለሳል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ውኃው አይጎድልም፣ አያርርም፣ ጠባቂም አይፈልግም።

ሆኖም ይኸው ቀስታው አንድ አደጋ አለው፤ ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ። ቀዩን አደንጓሬ፣ እዚያ «ኪድኒ ቢን» የሚሉትን፣ በተራ ድስት ሳታፈላ ወደ ስሎው ኩከሩ አትጨምር። በጥሬው አደንጓሬ ውስጥ ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል መርዛማ ፕሮቲን አለ፤ የሚጠፋውም በኃይል ሲፈላ ብቻ ነው። በአንዳንድ ስሎው ኩከር ግን የምግቡ ሙቀት ከ75 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳያልፍ ምግቡ የበሰለ ይመስላል፤ በዚህ ዓይነት ለብ ያለ ሙቀት መርዙ አይጠፋም፣ እንዲያውም ከጥሬው ሊብስ ይችላል። 4 ወይም 5 ፍሬ እንኳ ሰውን ሊያሳምም ይችላል፤ ከበላህ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማስመለስና ተቅማጥ ያጣድፍሃል። ብቻህን በምትኖርበት ቤት ይህ እንዲደርስብህ አልፈልግም።

ስለዚህ ከመተኛትህ በፊት አደንጓሬውን ዘፍዝፈው፤ ቢያንስ 5 ሰዓት ይቆይ፤ ካንተ የቀን እንቅልፍ ጋር ይገጥማል። ስትነሣ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ድፋው፤ በአዲስ ውኃ ጣደውና እየተንተከተከ 30 ደቂቃ ይፍላ። «ደብረ ብርሃን እያለን አደንጓሬ በስንት ሰዓት ነበር የሚበስለው?» ብለህ ከዚህ ጋር አታነጻጽረው። እዚህ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስለሆንን ውኃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ አንተ ያለህባት ሚኒያፖሊስ ግን 100 ለመድረስ እምብዛም አይቀረውም፤ እሳቱ ለአንተ ያደላል። ይህን ሁሉ ማድረግ ከሰነፍክ የቆርቆሮውን አደንጓሬ ግዛ፤ እሱ በፋብሪካ ስለበሰለ መርዝ የለበትም፤ ጨዋማውን ውኃ ግን አፍስሰህ ሁለት ጊዜ እጠበው።

ስለ ገብሱ ስጽፍልህ መንዝ ትዝ አለኝ። የመጀመሪያ ምድቤ እዚያ እንደነበር ታውቃለህ፤ ነገር ግን ሙሉውን ነግሬህ አላውቅም። ቤት ያከራዩኝ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ እማማ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። በጥቅምት ውርጭ ግርሻ ያዘኝ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ ስል እየተመለሰ፣ ትምህርት ቤት መሄድ ቀርቶ ከመደብ መነሣት አቅቶኝ ሰነበትኩ። ዘመድ በአካባቢው አልነበረኝም። እማማ ማታ ማታ በሸክላ ድስት የተፈተገ ገብስና የባቄላ ክክ ይጥዱና፣ በደንብ ከፈላ በኋላ እንጨቱን አውጥተው ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል። ድስቱም ተከድኖ እዚያው ያድራል። ጎሕ ሲቀድ፣ ዶሮው እየጮኸ፣ ገብሱ ፈንድቶ ባቄላውም ሟሙቶ የተዋሐደውን ያንን ሾርባ በጣባ ቀድተው ያመጡልኛል፤ ጠጥቼ እስክጨርስም ቆመው ይጠብቃሉ። አንድም ቀን እንዴት አደርክ ብለው አልጠየቁኝም፤ ጣባውን ባዶ ሲያዩ ይበቃቸው ነበር። ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ጦስኝ እንደነበረበት እርግጠኛ ነኝ፤ ጦስኝ በዚያ አገር ከደጅ ይለቀማል። ከጦስኙ ሌላ ግን አንድ ነገር ነበረው። በሶብላ ጨምሬ ሞክሬአለሁ፤ አይደለም። ኮሰረትም አይደለም። እናትህ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ያንተ ረኀብ ነው ያጣፈጠው» ትለኝ ነበር። ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን ስዛወር ለጥምቀት እመጣለሁ ብዬ ተሰናበትኳቸው። ጥምቀት ሲመጣ ፈተና ማረም ነበረብኝ፤ በሌላው ዓመት አንተ ተወለድክ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ተበላሸ ተባለ። በመጨረሻ የሄድኩ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር፤ እማማ ካረፉ ቆይተዋል። ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ሾርባውን ማለቴ ብቻ አይደለም።

እሳቸው ባቄላውን በፍም ላይ ሲያሳድሩት ምንም አልሆንክም ብለህ እንዳትከራከረኝ። ባቄላ ያ ፕሮቲን ቢኖረውም ከቀዩ አደንጓሬ ጋር ሲነጻጸር ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ነው፤ እማማም አስቀድመው ያፈሉት እንደነበር ከላይ ጽፌልሃለሁ። አደንጓሬው ይፍላ ብዬሃለሁ፤ ይፍላ።

በነገራችን ላይ ያንተን ድስት የፈለሰፈው አርቪንግ ናክሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው። መነሻ የሆነው እናቱ ያወሩለት ነገር ነው፤ በሊትዌኒያ አይሁድ ለሰንበት የሚሆናቸውን ቾለንት የሚባል ምግብ ዓርብ ማታ በዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ውስጥ ያሳድሩት ነበር። ቾለንት ውስጥ ምን እንደሚገባ አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አደንጓሬና ገብስ ነው። የእማማና የእነዚያ ሰዎች ማድ ቤት ሳይተዋወቁ አንድ ነበሩ።

አሁን ብዕርና ወረቀት ይዘህ ተከተለኝ። ድስትህ 6 ኳርት (ወደ 5.7 ሊትር) ነው ብላኛለች አክስትህ፤ ከግማሽ በታች አይሁን፣ ከሁለት ሦስተኛም አይለፍ። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት ከትፈህ በተራ መጥበሻ፣ በትንሽ ዘይት፣ ወርቃማ እስኪሆን አቁላላው፤ ስሎው ኩከር ሽንኩርት አያቁላላም፣ ይቀቅለዋል እንጂ፤ ይህን የዘለለ ሰው ሾርባው የሆስፒታል ምግብ ይሆንበታል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ጨምርበት። በርበሬ ካማረህ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ የላክሁልህ በርበሬ ሲፈጭ ጨው እንደገባበት አትዘንጋ። የሾርባ ኩብ የሚባለውን ግን ከቤትህ አውጣው።

ሦስት ካሮትና ሁለት ድንች በአውራ ጣትህ ጫፍ ልክ ቆራርጠህ ከሥር አድርግ፤ በዚህ ድስት ውስጥ ሥራሥር ብዙ ጊዜ ከሥጋ እንኳ ዘግይቶ ይበስላልና ወደ ሸክላው መጠጋት አለበት። ከላዩ ሰለሪና ባሮ ሽንኩርት፣ ቁሌቱ፣ አንድ ኩባያ ገብስ፣ በደረቁ ተለክቶ አንድ ኩባያ የነበረው (የፈላው!) አደንጓሬ ይግባ። ገብሱን «ፐርል ባርሊ» ተብሎ የሚሸጠውን ግዛ፤ እንደ ፍትጉ ነው። አጥበው። እንደምታየው ገብስ መጠኑን ወደ ሦስት እጥፍ ያሳድጋልና «ትንሽ ነው» ብለህ አትጨምርበት፤ ሾርባው ገንፎ ይሆንብሃል። ሐኪሞቹም ገብስን የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር ስላለው፣ በቀን 3 ግራም ያህሉን የሚያገኝ ሰው ኮሌስትሮሉ ይቀንስለታል። ሁለት ሊትር ያህል ውኃ አፍልተህ አፍስስበት፤ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ተሕዋስያን የሚራቡበት ስለሆነ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ከጀመርክ ድስቱ በዚያ መካከል ብዙ ይዘገያል። በዚሁ ምክንያት ከፍሪዘር የወጣ አትክልት በበረዶው አትክተት። ጦስኝ ጣልበት። ቲማቲም ግን አሁን አይደለም፤ ኮምጣጣ ነገር አደንጓሬውን ያጠነክረዋል።

ሥራ ከመሄድህ በፊት ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርገው፤ 8 ሰዓት ይበቃዋል። ክዳኑን አታንሣ፤ አንድ ጊዜ በከፈትከው ቁጥር ማብሰያው 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይራዘማል። ስትመለስ የተከተፈ ቲማቲምና ጎመን ጨምረህ ከፍተኛው ላይ ግማሽ ሰዓት አቆየው፤ አንተም እስከዚያው ታጠብ። ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ለመላው ድስት፤ የጎደለውን ሎሚ ይሙላው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ እንደነበር ካወቅህ፣ ለስንት ሰዓት እንደጠፋ ስለማታውቅ፣ ሾርባው የበሰለ ቢመስልም ድፋው። ያሳዝናል፤ ድፋው።

የተረፈውን ድስቱ ውስጥ አትተወው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጎድጓዳ ባልሆኑ ዕቃዎች ከፋፍለህ ፍሪጅ አስገባ፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። የምታሞቀውም በምድጃ ወይም በማይክሮዌቭ ይሁን እንጂ በስሎው ኩከሩ አይደለም። ቅቤም ሥጋም ስለሌለበት ለጾም ይሆናል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ አልጾምኩም የምትልበት ምክንያት ከዚህ በኋላ የለህም።

ሐኪሙ ያዘዘልህን ኪኒን በሾርባ አትተካ። የግፊት መለኪያ ግዛና ጠዋት ጠዋት እየለካህ ጻፈው፤ ቁጥሩን እሑድ ስደውል ትነግረኛለህ፤ ከአክስትህ ጋር እንደማስተያየው እወቅ። አደንጓሬውን ማፍላትህንም እጠይቅሃለሁ። ድስቱን ስታጥብ ደግሞ ሸክላው ገና እንደጋለ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስስበት፤ ይሰነጠቃል፤ አክስትህም ሁለተኛ አትገዛልህም።

አባትህ
ከደብረ ብርሃን