ክፍል ሲያዝ ሁለቱም ቀን ይጻፍ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ጥምቀት በመጣ ቁጥር ጎንደር ላይ እንግዳ የሚያጉላላው የክፍል እጥረት ብቻ አይደለም፤ የቀን ስሌትም ነው። በዓሉ ለእኛ ሁልጊዜ ጥር 11 ነው። በፈረንጆቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች ቀጥሎ ባለው ዓመት 20 ላይ ይውላል። በ2016 እንዲያ ነበር፤ በ2020ም ይደገማል። የዓምናውን ቀን ገልብጦ የመዘገበ እንግዳ ተቀባይ ታቦቱ ከፋሲል ጥምቀተ ባሕር በሚነሣበት ዕለት የሰው ሻንጣ ያስወጣል።

ስለዚህ ማረጋገጫው ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ይስፈር፦ መግቢያ ጥር 9፣ መውጫ 12፣ ሦስት አዳር። ሚካኤልን ሸኝቶ ማደር ለሚሻ አንድ ይጨመር።

ሰዓቱም ያው ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት መኪና ይመጣል» የተባለ ፈረንጅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በር ላይ ቆሞ ይገኛል፣ ያውም በጥር ብርድ!

ከጎንደር